ቤት ስትደርስ ደውልልኝ

ሲያትል አካባቢ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ብላክ ዳይመንድ ስላችሁ ዛሬ ትዝ የሚላችሁ አዲሱ ሰፈር፣ ቴን ትሬልስ ነው አይደል? ገና ቀለማቸው ያልደረቀ የሚመስሉት አዳዲስ ቤቶች፣ ጠዋት ጠዋት 169 መንገድ ላይ የሚጎተተው የመኪና ሰልፍ። እኔ ግን ያችን ከተማ ያወቅኋት ይህ ሁሉ ሳይመጣ፣ የአገሩ ብርድም ኑሮም ገና ባልተዋሃደኝ ጊዜ ነው።

ያኔ የምኖረው ኬንት ነበር። አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ አግኝቼ፣ ብላክ ዳይመንድ ወደሚኖሩ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ተላክሁ። መንገዱ በረጃጅም ጥዶች መሃል ያልፋል፤ ካፊያው አያባራም። ከተማዋ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታዋ ነበር። እርጥብ የጥድ ቅጠል፣ ከየጣሪያው የሚወጣ የእንጨት ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ ትኩስ ዳቦ! እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተ ዳቦ ቤት ነበራት፤ ምድጃው የጡብ ነው፣ የሚነደውም በእንጨት። እናቴ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ የደፋችው ድፎ ሲበስል ሰፈሩን እንደሚያውደው፣ ያ ዳቦ መንገዱን ሁሉ ያውደው ነበር። ዝናቡ እየገባብኝም ቢሆን የመኪናዬን መስኮት ሳልከፍት አላልፍም።

ሴትዮዋን እማማ፣ ባላቸውን አባባ ነበር የምላቸው። በስም ጥሩን ቢሉኝም አፌ እሺ አላለም። እማማ ያን ዳቦ እየገዙ፣ እየቆረሱ፣ ቅቤ ቀብተው ያቀርቡልኛል። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ እንደማልቀምስ አንድ ጊዜ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሳላስታውሳቸው የእኔ ድርሻ ቅቤ ሳይነካው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቆየኝ ነበር። ስለ ጾማችን ምን ያውቁ ነበር? ምንም። እኔን ግን ያውቁ ነበር።

አባባ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ሳላቸው ከሩቅ ይሰማል፤ ደህና ማደራቸውን በሩን ሳልከፍት በሱ አውቅ ነበር። ከመሬት በታች እየተገባ ከሚሠራባቸው የዋሽንግተን ግዛት የድንጋይ ከሰል ማዕድኖች የመጨረሻው፣ እዚያው ጎረቤት ሬቨንስዴል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲዘጋ የእሳቸውም ሙያ አብሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ወሬው ነው፤ እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። ሻይ ይዤ አጠገባቸው ስቀመጥ ይጀምራሉ።

አያታቸው ከዌልስ ተሰደው መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ነው የገቡት። የከተማዋ ስም የመጣው እዚያ ከሰል ያወጣ ከነበረው ኩባንያ ነው፤ በ1880ዎቹ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ሰሜን ወጣ። ከሰሉ በባቡር ሲያትል ይወርዳል፣ ከዚያ በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ይሄዳል። ጎረቤቱ ጣሊያን ነው፣ ስላቭ ነው፣ ሁሉም መጤ። ቤቱም የኩባንያው ነበር። በ1921 ሠራተኞቹ አድማ ሲመቱ ያኔ የማዕድኑ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ከነቤተሰባቸው አስወጣቸው። ሞርጋን የሚባል ሰው ታዲያ መሬቱ ላይ ጎጆ እንዲቀልሱ ፈቀደላቸው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሞርጋንቪል ይባላል። ይህን ሲያጫውቱኝ እኔ ራሴ በአንድ ወዳጄ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ ነበር የማድረው፤ ሞርጋንን በደንብ የማውቀው ሰው መሰለኝ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የናሱ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቆፋሪ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የናስ መለያ ነበረው። ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ማን ውስጥ እንዳለ በዚያ ይታወቃል፤ ሲወጣም እንዲሁ። የአንድ ሰው ቁጥር ካልተመለሰ አንድ ሰው ገና ከመሬት በታች ነው ማለት ነው። አባባ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይወርዳል። በ1910 ሎሰን በተባለው ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 16 ሰዎች ሞተዋል፤ በ1915 ሬቨንስዴል ላይ 31። እሳቸው ያኔ አልተወለዱም፤ ግን ከአባታቸው የሰሙትን እንዳዩት አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ማታ ሥራዬን ጨርሼ ስነሳ አንድ ቃል አይቀርም፦ «ቤት ስትደርስ ደውልልኝ»። የቱንም ያህል ቢመሽ ስልኩ ገና አንዴ ከመጥራቱ ይነሳል። «ደረስኩ አባባ።» «እሺ ልጄ፣ ደህና እደር።» ይኸው ነው፤ ሌላ ወሬ የለም። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ መግባቴን ጠብቆ የሚተኛ ሰው አልነበረኝም። ኬንት ደርሼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነበር ወደ ስልኩ የምሄደው።

ሁለቱም አሁን በከተማዋ መካነ መቃብር ውስጥ፣ ከድሮዎቹ ቆፋሪዎች ጋር አርፈዋል። ከተማዋም ተለውጣለች። በ2010 ከ6000 በላይ ቤቶች እንዲሠሩባት ተፈቀደ፤ ያኔ ነዋሪዋ አራት ሺህ ሰው ገደማ ነበር። የአክስቴ ልጅም ቴን ትሬልስ ቤት ገዝታለች። ደስ ይለኛል፤ ልጆቿ ሜዳ አላቸው፣ ሰማዩ ከጠራ የሬኒየር ተራራ በረዶ እስከ ጫፉ ይታያቸዋል። ሰው እዚያ መጥቶ ቤት ሠራ ብዬ አልከፋም፤ አባባም የመጤ የልጅ ልጅ ነበሩ።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የድሮዎቹም እንዳሁኖቹ ሳይነጋ ወጥተው ከመሸ ነበር የሚገቡት። ግን አብረው በእግር ሄደው አብረው ይመለሱ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ወዲያው ይታወቃል። ዛሬ የጋራዡ በር ይከፈታል፣ መኪናው ወደ ሲያትል ወይም ወደ ቤልቪው ይነዳል፣ ማታ የጋራዡ በር ይዘጋል። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት፣ ሌሊት ነው የምትሠራው። እዚያ ከገባች ስንት ጊዜዋ! ማዶ ያለችው ጎረቤቷም የሌሊት ነርስ መሆኗን ያወቀችው ግን በቅርቡ፣ በበረዶ ቀን ሁለቱም አካፋ ይዘው ሲወጡ ነው።

ይህን ስትነግረኝ የአባባን የስልክ ነገር አጫወትኳት። አሁን ሁለቱ ሴቶች ሲነጋ ከሥራ ሲገቡ በስልክ «ደርሻለሁ» ይባባላሉ አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከነልጆቻቸው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ወዳለው ሙዚየም ልወስዳቸው ተቀጣጥረናል።