«ጨጓራዬ ነው» የምትል እናት

እህቶቼ፣ በየቤታችን «ጨጓራዬ ነው» የማትል እናት ያለች አይመስለኝም። በርበሬው ሲበዛ ጨጓራ፣ ቡናው ሲደጋገም ጨጓራ፣ ጾሙ ሲረዝም ጨጓራ ይባላል። የእኔም እናት ስድስት ወር ሙሉ እንዲሁ ስትል ከረመች። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጨምድዶ ይይዛታል፤ ጀርባዋንና መንጋጋዋን ያማታል፤ ያልባታል፤ ጥቂት ካረፈች ይተዋታል። ስለ ቤተሰብ ጤና በጋዜጣ የምጽፈው ልጅዋ ግን ተልባ በጥብጬ ከማጠጣት በቀር አንድ ቀን እንኳ «ተነሺ ሐኪም ቤት እንሂድ» አላልኳትም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አንድ ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋውን አስቀምጣ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። መጀመሪያ የደረስንበት ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ መለሰን። በማግስቱ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ በዚያ የልብ ምርመራ ተደርጎላት ከልቧ ደም ሥሮች አንዱ ሊዘጋ ጥቂት እንደቀረው ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ለመላው አካል ደም ትረጫለች፤ ራሷ የምትመገበው ግን በላይዋ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። በእነዚህ ደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ስብ እየተጠራቀመ ሲሄድ የደሙ መንገድ ይጠባል። ሰው ሲያርፍ የሚያልፈው ደም ይበቃዋል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ያንሰዋል፤ ሕመሙም ይነሣል። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ደም ረግቶ መንገዱን ፈጽሞ ከዘጋው ደግሞ ደም ያጣው የልብ ሥጋ ይሞታል።

እናቴ ቀጠሮዋን ስትጠብቅ እኔ ይህን ሕክምና ማን እንደ ጀመረው ለማወቅ ማንበብ ያዝኩ። ሰውየው ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትዚግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1939 በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወልዶ በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። በዚያን ጊዜ የልቡ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው ከመድኃኒት ሌላ የነበረው ተስፋ ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ብቻ ነበር። ግሩንትዚግ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለበትን ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ አሳልፎ፣ ከጠበበው ቦታ ሲደርስ ፊኛውን ነፍቶ መንገዱን ማስፋት ይቻላል ብሎ አሰበ።

ይህን ፊኛ የት የሠራው ይመስላችኋል? በገዛ ቤቱ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው! ከሥራ መልስ ማታ ማታ፣ ከባለቤቱ፣ ከረዳቱ ከማሪያ ሽሉምፕፍና ከባሏ ጋር ሆኖ ፕላስቲኩን ይቆርጥ፣ በክር ያስር፣ በሙጫ ያጣብቅ ነበር። ያላመኑበት ባልደረቦቹ ብዙ ነበሩ። እርሱ ግን በመጀመሪያ በእግር ደም ሥር፣ ቀጥሎም በውሾች ልብ ላይ ሞከረው። በመጨረሻ መስከረም 6 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1977፣ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥር ደረቱ ሳይከፈት፣ ሳይተኛም ከፈተለት። ከ10 ዓመት በኋላ ሲመረመር ደም ሥሩ እንደተከፈተ ነበር።

ግሩንትዚግ ሙያውን አልደበቀም። ሲሠራ ሌሎች ሐኪሞች በቴሌቪዥን እያዩ እንዲማሩ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ አሜሪካ ሄዶ በአትላንታ ሲያስተምርና ሲያክም ቆየ። በ1985 ራሱ ያበረው በነበረው አውሮፕላን ከባለቤቱ ጋር ወድቆ ሲሞት 46 ዓመቱ ነበር። የተከፈተውን መንገድ ደግፎ የሚይዘው፣ ስቴንት የሚባለው የብረት ወንፊት በሰው ልብ ውስጥ የገባው እርሱ ካለፈ በኋላ፣ በ1986 ነው።

የእናቴም ሕክምና እንዲሁ ነበር። ቱቦው በእጅዋ አንጓ በኩል ገባ። ነቅታ ስለነበር በመካከሉ ሐኪሙን «ልጄ፣ አንተ ግን ምሳ በልተሃል?» ብላ ጠየቀችው አሉ። በኋላ ስለ ሥራው ስጠይቀው፣ አጠቃላይ ሕክምናውን፣ የውስጥ ደዌውን፣ የልቡን ትምህርት ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ይህን የቱቦ ሥራ ለብቻው እንደተማረ ነገረኝ። እንደ እኛ ሽርጥ ይታጠቃል፤ የእርሱ ግን ከራጅ ጨረር የሚከላከል ከባድ ሽርጥ ነውና ወገቡን ያመዋል። ሌሊት ስልክ ከተደወለ ልጆቹን ተኝተው ትቶ ይወጣል። «እኔ ደም ሥሩን እከፍታለሁ፤ የሞተውን የልብ ሥጋ ግን አላስነሣም። ስለዚህ ቶሎ አምጡልኝ» አለኝ።

ሥራው በዚያ አላበቃም። ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጡም። ጾም ሲገባ እናቴ «ጠዋት አፌን አልከፍትም» ብላ አስቸገረችን፤ የንስሐ አባቷ «መድኃኒት ጾም አያስፈታም» ባሏት ጊዜ ነው እሺ ያለችው። የደም ግፊቷንም እየለካን፣ ጨውና ቅባት ቀንሰን እየሠራን ነው።

እህቶቼ፣ የልብ ሕመም የወንድ ብቻ አይደለም። በሴቶች ላይ ደግሞ እንደ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ከባድ ድካም፣ እንደ ጀርባና መንጋጋ ሕመም ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል በቀላሉ ይታለፋል። እናት ደግሞ የራሷን ሕመም የምታስበው ሁሉም በልቶ ካደረ በኋላ ነው። ሥቃዩ ድንገት ጸንቶ እያረፉም ካልተወ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ ነው እንጂ ነገን መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ እናታችሁ «ጨጓራዬ ነው» ስትላችሁ እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ። «ከበላሽ በኋላ ነው ወይስ ደረጃ ስትወጪ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ምንም ቢሆን በተልባ አትሸኟት፤ ይዛችኋት ወደ ሐኪም ሂዱ።