ውሪት ዐመሏን አልረሳችም

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለነቀፋ የተተረተ ነው፤ ድመት ቆብ ብትደፋም አይጥ ያየች ዕለት ምንኩስናው ቀረ ለማለት። እኛ ግን ተረቱን ገልብጠን ለድመት ጥብቅና ልንቆምበት ነው። ክርክሩም ይኸው ነው፦ ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት የተዘጋጀላትን ሳፋ ትታ ፍራሽ ላይ ስትሸና ጥፋቱ የማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን፤ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ኬሚስትሪ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ሥነ ጽሑፍ ያጠናል። አምስተኛዋ ውሪት ናት። ከቤት የማትወጣው ተቀማጥላ አይደለም። በሰፈሩ የአይጥ መርዝ ይበተናል፤ መርዝ የቀመሰች አይጥ የበላች ድመት ደግሞ እሷም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ጎኑ የተሰነጠቀ ሳፋ ውስጥ ሰጋቱራና አመድ ቀላቅለን በሩ አጠገብ አስቀመጥንላት። ወር ሙሉ እንደ ጨዋ ልጅ ተጠቀመችበት። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ መጀመሪያ ፍራሽ፣ ቀጥሎ የታጠበ ልብስ፣ በመጨረሻ የታሪኩ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ፤ ያውም ምዕራፍ ሦስት!

ሽታው አከራያችን ዘንድ ደረሰ። እማማ በር ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ቤት ነፍሰ ጡር ልጅ አለችኝ። እስከ እሁድ ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡልኝ» አሉን። ቀኑ ረቡዕ ነበር። በዚህ ኪራይ ሌላ ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ያን ማታ ስብሰባ ተቀመጥን። የታሪኩ ተማሪ ምዕራፍ ሦስትን ገመድ ላይ እያሰጣ፣ «ቂም ይዛብን ነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት ከተን ገበያ ወስደን እንጣላት» አለ። የሥነ ጽሑፉ ተማሪ አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ አሽቶ አንድ ሁለቴ በጥፊ ማለት ይበቃል ባይ ነው። የሕጉ ተማሪ ግን ብድግ ብሎ፣ «ኧረ በሕግ አምላክ! ተከሳሽ ሳይሰማ ፍርድ አለ እንዴ?» አለ። ድመት ቃሏን አትሰጥም፤ ምልክት ግን ትሰጣለች። ምርመራው በዚሁ ተጀመረ።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ወዳጃችን ጋ ደወልን። «መጀመሪያ ነገር እንዳትመቷት» አለን። «የተመታች ድመት የምትማረው እናንተን መፍራት ነው እንጂ ሳፋ መውደድ አይደለም። አሁን ንገሩኝ፤ ቶሎ ቶሎ እየሄደች ታምጣለች? ጠብታ ብቻ ነው የሚወጣት? ደም አለበት? እንዲህ ከሆነ ዐመል ሳይሆን ሕመም ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። በተለይ ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ነው፤ ከተዘጋበት በሁለት ሦስት ቀን ሊሞት ይችላል።» እያመማት የሸናች ድመት ሕመሙን ከሳፋው እንደመጣ ቆጥራ ሳፋውን እንደምትሸሽም አስረዳን። ቆሞ፣ ጭራን እያንቀጠቀጡ ግድግዳ ላይ መርጨት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የግዛት ምልክት ማድረግ ነው አለን።

የኛዋ ቁጢጥ ብላ፣ ሳታምጥ፣ እንደ ወትሮዋ ነው የምትሸናው። ደምም የለ። እንግዲያስ የቀረው ተጠርጣሪ ማነው? ራሱ ሳፋው።

ሐሙስ ተራ ገብተን ጠበቅናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሪት ወደ ሳፋው ሄደች፤ ጫር ጫር አደረገች። ወዲያው ከበሩ ውጭ የጎረቤት አዲስ ውሻ ጮኸ። ውሪት ተስፈንጥራ አልጋ ሥር ገባች። ውሻው እዚያ ከታሰረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የፍራሹ ነገርም የጀመረው ያኔውኑ ነው! ድመት በምትጸዳዳበት ሰዓት ለጠላት የተጋለጠች ፍጡር ናት፤ ጸጥ ያለ፣ ማምለጫ ያለው፣ ከምግቧም የራቀ ቦታ ትፈልጋለች።

የኬሚስትሪው ተማሪ፣ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው» ብሎ ሳፋውን ብቻ ወደ ጓዳ አዛወረ። ውሪት ሦስቴ ተጠቀመችበት፣ አንዴ ደግሞ ፍራሽ ላይ ሄደች። ግማሽ ድል መሆኑ ነው። ሁለተኛ ሳፋ ገዝተን ከሚሠራ ሕንፃ የለመንነውን አሸዋ ነፍተን፣ አራት ጣት ያህል ሞልተን ከአሮጌው ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲያ አመዱን ዞራም አላየችው።

ይኼኔ የታሪኩ ተማሪ ቂሙን ረስቶ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘር ጥናት የዓለምን የቤት ድመቶች ሁሉ ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ዘር እንደሚመዘዙ አሳይቷል፤ ደረቅ አገር የለመደ፣ ልል አፈር ጭሮ የሚቀብር እንስሳ ነው። ፈረንጅም ቢሆን እንደኛው በአመድና በአሸዋ ነበር የሚገላገለው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ሚሺጋን አንዲት ሴት አሸዋዋ በብርድ ደርቆባት በአመድ ብትተካው፣ ድመቷ ቤቱን ሁሉ በአመድ ዱካ ሞላችው። ጎረቤቷ ኤድዋርድ ሎው የፈሰሰ ዘይት ለመምጠጥ ከሚሸጠው የሸክላ አፈር ቆንጥሮ ሰጣት፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የድመት አሸዋ ንግድ ከዚያ ተነሣ።

የቀረው ጽዳት ነበር። ሽታው ካልጠፋ ድመት ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች። የኬሚስትሪው ተማሪ በረኪና ከለከለን፤ ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ጉሮሮ የሚፈጅ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ኢንዛይም ባለው የልብስ ሳሙና ዱቄት አጠብነው፤ ፍራሹንም ፀሐይ ላይ አዋልነው።

የእማማም ስጋት ከንቱ አልነበረም። አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት በዓይነ ምድሯ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ልታወጣ ትችላለች፤ ለፅንስ አደገኛ ነው። ግን ከወጣ በኋላ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ሳፋው በየቀኑ ይጸዳል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ነፍሰ ጡር ሳፋውን አትነካም። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለን አስረዳናቸው። እሁድ ክፍላችን ገብተው በአፍንጫቸው ፈተሹንና፣ «እንዲህ ከሆነ ትቆይ» አሉ። ተራ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም እንዳያመልጥ!

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ድመት ንጹሕና ልል መሬት ላይ፣ ሳትፈራ ተጸዳድታ መቅበር ዐመሏ ነው። ያን ዐመሏን አልረሳችም፤ ሳፋው ነው ከዐመሏ የወጣው። እኛስ ብንሆን የአውቶቡስ ተራውን መጸዳጃ በር ከፍተን አይተን፣ አፍንጫችንን ይዘን የተመለስን ስንት ነን? ማንም ግን ቂመኛ አላለንም። እንግዲህ እቤታችሁ ድመት ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ ከረጢቱን ከማንሣታችሁ በፊት ድመቷን እዩ፤ ቀጥላችሁ በአራት እግር ተንበርከኩና እሷ ከምትቆምበት ሆናችሁ ሳፋውን እዩት።