ያልደረቀው የጎመን ዘር

በምኖርበት የሜሪላንድ ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ቦርድ አባል ሳለሁ፣ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ አንዲት የሀገሬ ሴት በደጃቸው የተከሉትን ጎመን እንዲነቅሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን ያረቀቅኩትም እኔ። ከሁሉ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ልጃቸው ደብዳቤውን ይዞ «ጋሼ፣ የሕግ እንግሊዝኛ አይገባኝም፤ እርስዎ ቦርዱ ውስጥ አሉልን፣ መጥተው ለእማማ ያስረዱልን» ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ቡናቸውን እየጠጣሁ የገዛ ደብዳቤዬን የሌላ ሰው አስመስዬ ተረጎምኩላቸው። «ማን ነው የከሰሰኝ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «አላውቅም እማማ» አልኩ።

አሜሪካ ውስጥ ቤት ገዝቶ የማያውቅ አንባቢ፣ በገዛ ደጁ ጎመን የተከለን ሰው ማን ሊከለክለው ይችላል ይል ይሆናል። ይከለክላሉ። በዚህ አገር ከ70 ሚሊዮን በላይ ሰው ኤች.ኦ.ኤ በሚባሉት በእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ሥር ይኖራል። ቤቱን የገዛ ሰው ከቤቱ ጋር የማኅበሩን ደንብ አብሮ ይቀበላል፤ አላነበብኩትም ማለት አያዋጣም። የበሩ ቀለም፣ የአጥሩ ቁመት፣ የቆሻሻ ገንዳው የሚወጣበት ሰዓት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤቱ ፊት ያለው ሣር የማኅበሩ ጉዳይ ነው። ደንቡን የጣሰ ሰው በመጀመሪያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ አልሰማ ካለ ቅጣት ይከተላል፤ ያልተከፈለ ቅጣት በብዙ ቦታ በቤቱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። የእኛ ሰፈር ደንብ በፊት ለፊት ሣርና ለጌጥ የሚሆን ተክል ብቻ ይፈቅዳል። የሚበላ ነገር በጓሮ በኩል ነው።

የእማማ ቤት ጓሮ ግን በትላልቅ ዛፎች የተሸፈነ ነው፤ በበጋም ቢሆን ፀሐይ አይደርሰውም። ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሚያይ ብርሃኑ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ከደጃፉ እስከ እግረኛ መንገዱ ያለውን ሣር ገልብጠው መደብ አወጡለት። ጤና አዳሙ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ በሶብላውና ድንብላሉ ቀጥሎ፣ ከዚያ ጎመኑ ተራ በተራ። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አደግድገው በትንሽ ቢላዋ ሲያርሙ አያቸው ነበር። ማኅበሩ የሚፈልገው ንጽሕና ቢሆን ኖሮ፣ ከሰፈሩ ሁሉ የጠራው መሬት የእሳቸው ነበር። እኔ ሣሬ አረም እንዳያበቅል ገንዘብ ከፍዬ መድኃኒት አስረጭ ነበር፤ እሳቸው ደጅ አንዲት አረም አትገኝም።

ጎመኑ ለወጥ ሲቀነጠስ፣ ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ማንም ምንም አላለም። ነገሩ የመጣው ጥቂቱን እግር ለዘር ብለው መቀንጠስ ሲተዉት ነው። የሐበሻ ጎመን ለዘር ሲተው የሰው ቁመት ያህል ይመዘዛል፣ ከዚያ ቢጫ አበባ ይለብሳል። እዚህ ገበያ ያለው ኮላርድ የእኛን ይመስላል እንጂ ዝርያው ሌላ ነው። እማማ ዘሩን ከጎጃም በጨርቅ ቋጥረው ነው ያመጡት፤ አማታቸው ያቆዩት፣ ከጓሮ ጓሮ ሲወርድ የመጣ ዘር ነው። የሚደርቀው ዘር ለሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ለሚቀጥለው ዓመት ይዘራል፣ የቀረው ደቅቆ ምጣድ ይታሰስበታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያደግኩበት ቤት ምጣድ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ነበር። ፈረንጅ ባልደረቦቼ አረም ብለው ቢያልፉት አይፈረድባቸውም፤ እኔ ግን ምን እንደሆነ እያወቅኩ ነው «ከተፈቀደው ቁመት በላይ ያደገ፣ ያልተያዘ ዕፅዋት» ብዬ የጻፍኩት።

ደብዳቤው ላይ «ከጎረቤት በደረሰን ጥቆማ መሠረት» የሚል ሐረግ አለ። ማንም አልጠቆመም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ባልና ሚስት ከእማማ ደጅ ቆመው ያንን ቢጫ አበባ ሲያዩ አየኋቸው። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም። እኔው በልቤ «እነዚህ ሐበሾች ሰፈሩን ገጠር አደረጉት» ሲሉ ሰማሁ። ቦርዱ ውስጥ ያለሁት ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለወገኑ ያዳላል እንዳልባል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ቀድሜ ጨከንኩ። ገንዘብም አለበት። በዚያ ሰሞን ቤቴን ለመሸጥ አስቤ ነበር፤ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ከፊት ለፊት ያለውን የእማማን ደጅ ነው። ይሉኝታና ጥቅም አንድ ላይ ሆኑ፤ እኔ ግን ለራሴ «ደንብ ደንብ ነው» አልኩት።

የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር። ያን ቀን ቡና ላይ እማማ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መንቀሉን እነቅለዋለሁ፤ ዘሩ እስኪደርቅ ድረስ ብቻ ይታገሱኝ በልልኝ።» ደንባችን ቦርዱ ጊዜ እንዲጨምር ይፈቅዳል። አምስት ነን፤ ሦስቱ ቢስማሙ ይበቃ ነበር፣ የሚከለክል ሰው የነበረም አይመስለኝም። ጥያቄውን ወደ ቦርዱ አላቀረብኩትም። ካቀረብኩት ጠቋሚው ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ለልጃቸው ደውዬ «አልተቻለም፣ ቦርዱ አልፈቀደም» አልኩት። ቦርዱ ነገሩን ሰምቶትም አያውቅም።

ልጃቸው ቅዳሜ ነቀለው። እማማ አረንጓዴውን የዘር ፍሬ ለቅመው ሰፌድ ላይ አሰጡት። በውስጡ ያለው ገና ውሃ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ በማሰሮ ዘርተው ሞከሩት፤ አንድም አልበቀለም። በደጃቸው ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሣር ተነጠፈ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ደጅ ሲወጡ አላየኋቸውም።

ቤቴን ሳልሸጥ ቀረሁ። በየቀኑ ያንን ሣር እያየሁ ስኖር ይህ ደንብ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። አብርሃም ሌቪትና ልጆቹ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ሌቪትታውን የተባለውን ሰፈር ሲገነቡ፣ ነዋሪው ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ በደንብ ያስገድዱ ነበር፤ አጥርም ክልክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች ደግሞ ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው፣ የቤት ሠራተኛ ካልሆነ በቀር፣ እዚያ ቤት እንዳይኖር ይከለክሉ ነበር። ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤትና የእንጀራ መሸጫ የሞላበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ቀድሞ በተሠሩት ብዙ ሰፈሮቹ ጥቁር እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ በቤት ሰነዶች ላይ ተጽፎ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ በቤት ጉዳይ የዘር አድልዎን የከለከለው የፌደራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው። የሣር ደንብ ሁሉ የዘረኝነት ልጅ ነው አልልም። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት ግቢው ጫካ ሲሆን አይጥና መዥገር እንደሚያመጣ አይቻለሁ፣ ያኔ ደንብ መኖሩ ጠቅሞናል። ነገር ግን «የሰፈሩ መልክ» የሚለው ነገር ማን ሰፈሩ ውስጥ እንደሚገባ ለመምረጥ ያገለገለበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በዚያ ዘመን እኔም ቤቴን አልገዛም ነበር። ያንን መልክ ለማስጠበቅ እማማ ላይ የዘመትኩት እኔ መሆኔ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሌላም አነበብኩ። በፍሎሪዳ ማያሚ ሾርስ አንድ ባልና ሚስት ለ17 ዓመት ከቤታቸው ፊት አትክልት ሲያለሙ ኖረው፣ በ2013 ከተማው በፊት ለፊት አትክልት መትከልን በደንብ ከለከለና ካልነቀላችሁ በቀን 50 ዶላር አላቸው። ነቀሉ፣ ከተማውን ከሰሱ፣ በፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ በመጨረሻ ግን በ2019 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ከተሞች እንዲህ ያለ ክልከላ እንዳያወጡ ሕግ ደነገገ። የእኛው ሜሪላንድ ደግሞ የቅርብ ምሳሌ ነው። ኮሎምቢያ ከተማ ያሉ ባልና ሚስት ደጃቸውን ንብና ቢራቢሮ የሚስቡ የአገሩ አበቦች ሞሉበት። ጎረቤት ከሰሰ፣ ማኅበሩ ሣር መልሱ ሲል አስጠነቀቃቸው። ተከራክረው በ2020 መጨረሻ በስምምነት ጨረሱ፤ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የጸና የግዛቱ ሕግም ወጣ። ማኅበራት እንዲህ ያለውን የንብ አበባ፣ የዝናብ ውሃ ማስረጊያና ውሃ ቆጣቢ ተክል ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችሉም። የእማማ ጎመን የተነቀለው ከዚያ ሕግ በፊት ነው። ሕግ አልነበረም ብዬ ግን አልሸሸግም፤ ያኔ የነበረው ደንብ ራሱ ጥቂት ሳምንት እንድጠብቃቸው አልከለከለኝም።

ባለፈው ዓመት ሄጄ ነገርኳቸው። ልጃቸውም ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም፣ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ ያልደረሰውን ጥቆማ፣ ለቦርዱ ያላቀረብኩትን ልመና በቅደም ተከተል ተናገርኩ። እማማ አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦ «የጎመኑስ ይሁን። እቤቴ ገብተህ፣ ቡናዬን ጠጥተህ፣ ዓይኔን እያየህ ነው አላውቅም ያልከኝ።» እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ቀና አድርገው «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ እኔ ብዬሃለሁ» አሉኝ። ከጎጃም ሌላ ዘር አስመጣለሁ ብላቸው፣ «ይምጣ፤ ያ ግን የአማቴ ነበር» አሉ። ልጃቸው አንድም ቃል አልተናገረኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አልፈርድበትም፤ ያመነኝ እሱ ነው፣ ቃሌን ይዞ ነው ለእናቱ አልተቻለም ያላቸው።

ለቦርዱም የሐሰት ጥቆማ መጻፌን ነግሬ ከቦርዱ ወጥቻለሁ። በፊት ለፊት የሚበላ ተክልን የሚፈቅድ ማሻሻያ እንደ አንድ ነዋሪ አቅርቤአለሁ፤ እስካሁን ለድምፅ አልደረሰም። በሁለቱ ዓመታዊ ስብሰባዎች ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ከቀሩት ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ በሁለት ሥራ መካከል ስብሰባ መሄድ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰፈር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የማኅበራችሁ የስብሰባ ወረቀት ሲደርሳችሁ አትጣሉት። ሂዱ፤ መሄድ ካልቻላችሁ የውክልና ድምፃችሁን ለምታምኑት ሰው ፈርማችሁ ስጡ። ቦርድ ላይ የተቀመጣችሁ ደግሞ፣ በጎረቤታችሁ ላይ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በሩን አንኳኩና ጠይቁት። ከጻፋችሁም ስማችሁን ጻፉበት።