ሻይ የመሰለው ጅረት

ባለፈው እትም ሁለት ሆነን አንዲት ግጥም አውጥተን ነበር። በግጥሟ ውስጥ ጅረት ንጹሕ ነው፤ ከተራራ ይወርዳል፣ ምንም አይሸከምም፣ ያጥባል እንጂ አይጎድፍም። ወደድናት። (ራሳችን ጽፈን ራሳችን ወደድናት ማለት ነው።) የመኝታ ክፍላችን ጂኦግራፊ ተማሪ ግን አንብቦ ሲጨርስ፣ «እናንተ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ውሃ አታውቁም» አለንና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ተናደድን። በማግስቱ ልንረታው ቤተ መጻሕፍት ገባን።

የተረታነው ግን እኛ ነን፤ ያውም ሰሜን ስዊድን ድረስ ሄደን። ከኡሜዮ ከተማ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ክሪክላን የሚባል 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የደንና የረግረግ አገር አለ። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ጅረቶቹን ሲለኩ ኖረዋል። ጅረት ስንል ዘለው የሚሻገሩት ነው። ታዲያ ውሃው ንጹሕ አይደለም፤ ሻይ ነው የሚመስለው! በብርዱና በእርጥበቱ ምክንያት የሞተ ቅጠልና ሥራሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ በሺህ ዓመታት ተደራርቦ ጥቁር አፈር ይሆናል። ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ካርቦኑን እየዘፈዘፈ ይወስዳል።

ያስገረመን ደግሞ ይኸ ነው። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ፣ የዓመቱ ውሃ ትልቁ ድርሻ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ከረግረግ የሚመጣው ጅረት ያን ጊዜ ይገረጣል፤ የቀለጠው በረዶ ያቀጥነዋላ። ከደን የሚመጣው ግን ጭራሽ ይጠቁራል! ለምን ቢሉ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሽቅብ ወጥቶ ከጅረቱ ዳርና ዳር ያለውን የላይኛውን ጥቁር አፈር ስለሚያጥበው ነው። አንድ በረዶ፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ተቃራኒ መልክ። ይኸን ስናነብ ግጥማችን አሳፈረችን።

በዐይን የማይታየውም አለ። ሥሮችና ረቂቅ ነፍሳት አፈር ውስጥ የተነፈሱት ጋዝ በከርሰ ምድሩ ውሃ ውስጥ ታምቆ ይቆያል። ውሃው ብቅ ብሎ ድንጋይ ለድንጋይ ሲንከባለል፣ አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ጋዙ ወደ አየር ይበናል፤ ብዙውም ገና ሩቅ ሳይሄድ።

እንግዲህ ዛፉ የያዘውን ቆጥሮ ጅረቱ የሚያወጣውን የዘለለ ሰው፣ ደኑን ካለው በላይ ባለጸጋ አድርጎታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆናታን ኮልና ባልደረቦቹ ባወጡት ግምት፣ በዓመት ከየብስ ወደ ወንዝና ሐይቅ ከሚገባው 1.9 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ባሕር የሚደርሰው 0.9 ያህሉ ብቻ ነው። 0.2 ያህሉ ከደለል ጋር ይቀበራል፤ ቢያንስ 0.8 የሚሆነው ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። እኛ ወንዝን ቧንቧ አድርገን ነበር የገጠምነው፤ ለካ መንገድ ላይ ይተነፍሳል።

ማታ ለጓደኛችን ነገርነው። «አላልኳችሁም?» እንኳ አላለም፤ ሣቀ ብቻ። ግጥሟን አልቀደድናትም። «ንጹሕ» የምትለዋን ቃል ሰርዘናል፤ በምን እንደምንተካት ግን ገና አልቆረጥንም። እሱ «ሻይ» በሉት ይላል። ቤት አልመታ አለን።