የርክክቡ ቃለ ጉባኤ የት አለ?

ሞንትሪያል ለሚኖር ሰው የኦሎምፒክ ስታዲየሙ ከዓይን አይጠፋም። ቁመቱ 165 ሜትር የሆነ፣ ወደ ሜዳው ያዘነበለ ማማ አለው፤ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ወስደን ፎቶ የምናነሳው እዚያ ሥር ነው። ስለ አዲስ አበባና ስለ ባሕር ዳር ስታዲየሞች ከወዳጆቼ ጋር በተከራከርኩ ቁጥር የማነሳውም ይህንኑ ሕንፃ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰበት ስታዲየም እንዴት እንደሚበላሽ፣ ከተበላሸም በኋላ ማን በማን ላይ ጣቱን እንደሚቀስር ከነማስረጃው ተመዝግቦ የሚገኝበት ሌላ ቦታ አላውቅም። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ በግንቦት 1970 ሞስኮንና ሎስ አንጀለስን አሸንፋ የ1976ን ኦሎምፒክ ስታገኝ ከንቲባዋ ዣን ድራፖ ነበሩ። ሜትሮውን ያስገነቡ፣ የ1967ን ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ያስተናገዱ፣ ሕዝቡ የሚያምናቸው ሰው ናቸው። በ1973 የዝግጅቱ ጠቅላላ ወጪ 310 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እንደሚሆን ተናገሩ። ወንድ ልጅ ማርገዝ እንደማይችል ሁሉ ኦሎምፒክም ኪሳራ ሊያመጣ አይችልም ብለውም ለሕዝቡ ቃል ገቡ። ንድፉን የፓሪሱን ፓርክ ደ ፕራንስ ስታዲየም ለነደፈው ለፈረንሳዊው አርክቴክት ለሮዤ ታዪቤር ሰጡት። ውድድር አልወጣም።

ንድፉ ያምራል፤ ይህን ማንም አይክድም። በተመልካቹና በሜዳው መካከል አንድም ምሰሶ የለም፤ ግዙፍ የአርማታ ክንዶች ከኋላ ተነሥተው መቀመጫውን ከላይ ያቅፉታል። ክንዶቹ በቁራጭ በቁራጭ ሌላ ቦታ ተመርተው፣ ሳይት ላይ አንድ በአንድ እየተገጣጠሙ፣ በውስጣቸው ባለፈ የብረት ኬብል ተወጥረው የሚቆሙ ናቸው። ጣሪያው ደግሞ ከማማው በኬብል ተንጠልጥሎ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነው። ሳይት ላይ ለሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፦ አንዱ ቁራጭ ከዘገየ ቀጣዩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማማው ካላለቀ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ የሞንትሪያል ክረምት አለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲወርድ አርማታ በሙቀት ካልተያዘ ውኃው በረዶ ሆኖ ጥንካሬውን ያጣል። ከታኅሣሥ 1974 እስከ ሚያዝያ 1976 ባለው ጊዜ ውስጥ ሠራተኞቹ 155 የሥራ ቀናት አድማ መቱ። በኅዳር 1975 የኩቤክ መንግሥት ሥራውን ከከተማው አስተዳደር ነጠቀ። የመክፈቻው ቀን ግን አልተነካም፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሚመጡበትን ቀን ማራዘም አይቻልማ።

ሐምሌ 17 ቀን 1976 ስታዲየሙ ሲከፈት ማማው ገና ግማሹ ነበር፤ ጣሪያም አልነበረውም። እዚህ ላይ የእኛም ሰው አለ። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው ሲወጡ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ምሩፅ ይፍጠርም በዚያ ሜዳ ላይ ሳይሮጥ ቀረ። 5 ሺህንም 10 ሺህንም ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰደው። ምሩፅ ሁለቱንም ወርቅ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ነው። ሜዳው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የጉድለት ታሪክ ረጅም ነው። ማማውና ጣሪያው የተጠናቀቁት በ1987፣ ውድድሩ ካለፈ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። የኬቭላር ጣሪያው ንፋስ በበረታ ጊዜ መክፈትና መዝጋት አደጋ ሆነ፤ እየተቀደደም አስቸገረ። በዕድሜ ዘመኑ የተከፈተውና የተዘጋው 88 ጊዜ ብቻ ነው። በመስከረም 1991 ደግሞ 55 ቶን የሚመዝን የአርማታ አካል ከሕንፃው ተገንጥሎ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ የቤዝቦል ቡድኑ ኤክስፖስ ግን የዚያን የውድድር ዘመን ቀሪ የሜዳው ጨዋታዎች በሙሉ በባላጋራዎቹ ሜዳ ለመጫወት ተገደደ። በ1998 የማይከፈት አዲስ ጣሪያ ተዘረጋ። ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1999፣ በረዶ ተከምሮበት ተቀደደና ለመኪና ኤግዚቢሽን ዝግጅት ላይ የነበሩ አምስት ሠራተኞችን አቆሰለ። ባለቤቱ ኮንትራክተሩን፣ ኮንትራክተሩ ባለቤቱን እየከሰሰ ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ኋላ ላይ ጣሪያው ላይ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ በረዶ ካለ ውስጥ ምንም ዝግጅት እንዳይካሄድ ተወሰነ። ቀዳዳው ከ20 ሺህ በላይ ደረሰ። በየካቲት 2024 የኩቤክ መንግሥት ጣሪያውን ለመቀየር 870 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ። “ለምን አታፈርሱትም?” ሲባል ማፍረሱ 2 ቢሊዮን ይፈጃል የሚል ነበር መልሱ።

ዕዳው የተከፈለው በሲጋራ ላይ በተጣለ ልዩ ግብር ነው። ከ1976 እስከ 2006፣ 30 ዓመት። ስታዲየሙ ሲከፈት ያልተወለደ ወጣት፣ ሜዳውን አንድም ቀን ረግጦት የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በእያንዳንዱ ፓኮ ከፍሎለታል። ከወለዱ ጋር ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር መጥቷል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እኔ፣ ከሌላ አገር የመጣሁ ሰው፣ እንዴት ላውቅ ቻልኩ? የሚያስቀናኝ ይኼ ነው። በ1977 የኩቤክ መንግሥት በዳኛ አልበር ማሉፍ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ምስክሮችን ጠርቶ፣ ውሎችንና የክፍያ ሰነዶችን መርምሮ በ1980 ሪፖርቱን ለሕዝብ አወጣ። ዋናውን ኃላፊነት በድራፖ ላይ ጣለ፤ አርክቴክቱንም፣ መሐንዲሶቹንም፣ ኮንትራክተሮቹንም፣ የሠራተኛ ማኅበራቱንም አላለፈም። ድራፖ ዝርዝር መልስ እሰጣለሁ አሉ፤ መልሱ ግን ሳይወጣ ቀረ። ታዪቤር በበኩሉ እስኪሞት ድረስ ጥፋቱን ለኩቤክ ሰዎች ሰጠ። እነዚህ ሰዎች እስከ መጨረሻው አልታረቁም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የተከራከሩት በታወቀ ሰነድ ላይ ነው። ሪፖርቱ ጣሪያውን ከመቀደድ አላዳነውም፤ እንዲያድነውም አልጠብቅም። በ2024 ሌላ 870 ሚሊዮን ሲጠየቅ ግን ሕዝቡ ካለፈው ተነሥቶ መጠየቅ ችሏል።

አገር ቤት ሳለሁ ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። በአንድ የክልል ከተማ በመንግሥት በጀት የሚሠራ የስፖርት ሜዳ ነበር፤ ከተማውንም ድርጅቱንም አልጠራም። አንድ ጠዋት ከተመልካች መቀመጫው ሥር የአንዱ ምሰሶ ፎርምወርክ ሲነሳ ምሰሶው እግሩ ላይ ሃኒኮም ሆኖ ወጣ። ለማታውቁት፣ አርማታው በቫይብሬተር በደንብ ሳይጠቀጠቅ ሲቀር ጠጠሩ ብቻውን ተኮልኩሎ፣ ሲሚንቶው ሳይሞላው፣ በመካከሉ ፌሮው አጥንቱን አውጥቶ የሚታይበት ነው። እጅ ይገባበታል። ተቆጣጣሪ መሐንዲሳችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። በመዶሻ ጀርባ ዙሪያውን እየመቱ ድምፁን አዳመጡ፤ ባዶ የሚሰማውን በጠመኔ ከበቡት። ከዚያ ሳይት ቡኩን አውጥተው ምሰሶው የቱ እንደሆነ፣ የተሞላበትን ቀን፣ ቫይብሬተሩ ያን ዕለት ተበላሽቶ እንደነበር፣ ፈርሶ እንደገና እንዲሞላ ማዘዛቸውን ጻፉና ፈረሙ። ፎርማኑም እንዲፈርም አደረጉ።

ምሰሶው አልፈረሰም። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ ባለሥልጣን ይመጣል ተባለና ተለሰነ፤ ከላዩ ቀለም ተቀባ። የርክክብ ኮሚቴው መጥቶ በሕንፃው ዙሪያ ተዘዋወረ፤ በር ተከፈተ፣ መብራት በራ፣ ጥቃቅን ጉድለቶች ተዘረዘሩ፣ ጊዜያዊ ርክክቡ ተፈረመ። ክረምቱ ሲመጣ ውኃ ሰረገ፤ ልስኑ ረገፈ። ክርክሩ የተነሳው ያኔ ነው። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት “ኮንትራክተሩ ያድስ” ሲል ኮንትራክተሩ “አስረክቤያለሁ፣ አጠቃቀማችሁ ነው ያበላሸው” አለ። አማካሪው ድርጅት ያንን ተቆጣጣሪ ወደ ሌላ ፕሮጀክት አዛውሯቸው ነበር። ጋሼ የጻፉት ሳይት ቡክ ቢፈለግ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ተቀይሯል፣ ቢሮው ተዛውሯል፣ ስቶሩ ተጠርጓል። ሁሉን ነገር ሊፈታ የሚችለው ያ ገጽ ብቻ ነበር። ኋላ እድሳቱ በሌላ በጀት ተሠራ፤ ማለትም ሕዝቡ ለአንድ ምሰሶ ሁለቴ ከፈለ።

የሕግ እጥረት የለብንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። በመንግሥት ውሎችም ውስጥ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና አለ፣ ከየክፍያው ተቀንሶ የሚያዝ ሪቴንሽን አለ፣ ከጊዜያዊ እስከ መጨረሻ ርክክብ ያለ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ አለ። እነዚህ ሁሉ ግን የሚነክሱት ጉድለቱ መቼ እንደታየ፣ ማን እንዳየው፣ ምን ብሎ እንዳዘዘ የሚያሳይ ወረቀት ሲኖር ነው። ወረቀቱ ከሌለ የ10 ዓመቱ ዋስትና አንድ ክረምትም አያሻግርም።

ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ልምጣ። በ2021 የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟላም ተብሎ ሲታገድ ዋልያዎቹ ከጋና ጋር ያላቸውን “የሜዳቸውን” ጨዋታ ኅዳር 11 ቀን ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም አደረጉ። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ የማላዊዋ ሊሎንግዌ ላይ ነበሩ። እንዲህ ያለ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ከተማው ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። በ2024 ታንዛኒያን በሜዳችን አስተናገድን የተባለው ኪንሻሳ ላይ ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች፣ በ1968ና በ1976 ደግማ ያስተናገደች አገር ናት። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም በታሰበለት ጊዜ አላለቀም።

የታገድነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በርካታ የአፍሪካ አገሮች በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ቢሆንም በእኛ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች ተደባልቀው ነው የሚወሩት። ካፍ የሚጠይቀው የሣሩን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያውን፣ የጋዜጠኞቹን ቦታ፣ የግለሰብ ወንበሩን፣ የመብራቱን ኃይል ነው። መልበሻ ክፍሉ ከመጀመሪያው ድሮዊንግ ላይ ጠባብ ሆኖ ከተሣለ ኮንትራክተሩ የተሰጠውን ሠርቷል፤ ጥያቄው የሚሄደው ለአማካሪውና ሥዕሉን ላጸደቀው ባለቤት ነው። ድሮዊንጉ ላይ ያለው ካልተሠራ፣ ወይም በርካሽ ዕቃ ከተተካ፣ ያኔ የኮንትራክተሩ ነው፤ ያንን ተቀብሎ ክፍያ ሰርተፊኬት የፈረመው ተቆጣጣሪም አብሮ ይጠየቃል። በጀት ስላልተለቀቀ ከቆመ ደግሞ ሌላ ነው፤ የዋጋ ማስተካከያውና የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ያመጣል። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ከትተን “ተበላ” ብለን እናልፋለን። የተበላ ካለ እንኳ በዚህ አነጋገር ተደብቆ ይቀራል፤ ያልበላውም አብሮ ይሰደባል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ስታዲየም ውሉ፣ የጸደቀው ድሮዊንግ፣ የአርማታ ኪዩብ ፈተና ውጤቶቹ፣ የተጨማሪ ሥራ ትእዛዞቹና የርክክቡ ቃለ ጉባኤ ከነተያያዘው የጉድለት ዝርዝር ለሕዝብ ይውጡ። ለእድሳት አዲስ በጀት ከመጽደቁ በፊት የቀድሞው ርክክብ ሰነድ በምክር ቤት ይነበብ። በዚያ ሰነድ ላይ ስማቸው ያለ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ እየሠሩም ነው፤ ተጠርተው ሊጠየቁ ይችላሉ።

ይህን ከምታነቡት መካከል በየክልሉ ስታዲየሞች ላይ በተቆጣጣሪነት የሠራችሁ፣ በርክክብ ኮሚቴ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የቃለ ጉባኤው ቅጂ በእጃችሁ ካለ እባካችሁ አታስወግዱት። ሕጋዊ በሆነ መንገድ ለኦዲተሩም ሆነ ለምክር ቤቱ ማቅረብ የምትችሉ አቅርቡ። የጻፋችሁት የጉድለት ማስታወሻ ሰሚ ያጣባችሁም ካላችሁ፣ የሰው ስም ሳትጠሩ፣ ምን እንዳያችሁና ምን ተብላችሁ እንደታለፋችሁ እዚህ ሥር ጻፉ።