ዙሪያችን ማን አለ?



ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጣለውን በረዶ ታስታውሱት ይሆናል። ከዐስር ሰላት ወጥተን ወደ ዶርም ስንመለስ ሰማዩ ጠቆረ፤ ብዙም ሳይቆይ ጊቢው ነጭ ሆነ። ከቆላ አገር የመጡ ጓደኞቻችን ስልካቸውን እያወጡ ይቀርጹ ጀመር። አንዱማ በመዳፉ አፍሶ "ቅመሱ!" እያለ ይስቅ ነበር። እኔም ስልኬን አወጣሁ፤ ግን ቤት ለመደወል ነበር። ኔትወርክ የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ "ምን ሆንክ? በረዶ እኮ ነው!" አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልመልስለት።

አገሬ ትክል ድንጋይ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሳንጃና ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ። ወደ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ብታዩ የዳባትና የደባርቅ ደጋ፣ ከዚያ ወዲያ የስሜን ተራሮች አሉ። ወደ ምዕራብ ደግሞ መሬቱ እየወረደ ሄዶ የሰሊጥና የማሽላ አገር ከሆነው የቆላ ሜዳ ይገባል። እኛ መሐል ላይ ነን።

የስሜን ብርድ ዝናው የቆየ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ ስሜንን እንደወጋ፣ ተራራው ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ጉምና ብርድ የማይለየው እንደሆነ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶም እንዳለበት ይናገራል። ዛሬ እንዲህ ያለ በረዶ በስሜን የዘወትር ነገር አይደለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ራስ ዳሸን ላይ እንኳ አልፎ አልፎ ይጥልና ይቀልጣል። እኛን ደጋና ወይና ደጋ ያለነውን የሚያስፈራን ግን ሌላው በረዶ ነው፤ እንደ ጠጠር የሚወርደው።

ጂኦግራፊ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። በከባድ ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ አየር የውኃ ጠብታዎችን ሽቅብ ይወስዳቸዋል። እዚያ እየረጉ፣ ሌላ ውኃ እየለበሱ ያድጋሉ፤ አየሩ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃሉ። ቆላ ላይ ብዙው መንገድ ላይ ይቀልጣል። የእኛ መሬት ግን ወደ ደመናው የቀረበ ስለሆነ ሳይቀልጥ ይደርሳል። በረዶ ደግሞ እንደ ዝናብ አገሩን ሁሉ አያዳርስም። ቀጭን መስመር ይዞ ያልፋል፤ አንዱን ማሳ አውድሞ ቀጥሎ ያለውን ሊተው ይችላል። የእኔም ታሪክ እዚህ ላይ ነው።

አያቴ ሸማኔ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የጎንደር ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ኑሮው ሽመናና ንግድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው አያቴ መሬት የደረሳቸው። ስለዚህ እኛ ቤት ስለ ማሳው ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል። ድንበርተኛችን ክርስቲያን ናቸው። እኛ ልጆቹ "አያ" ብለን ነው የምንጠራቸው። ልጃቸው ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በሒሳብ ከእኔ ይበልጣል።

11ኛ ክፍል በነበርንበት ዓመት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ጤፉ ዘለላ አውጥቶ ማጎንበስ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ጸጥ አለ። ከብቶቹ ሳይጠሩ ወደ ቤት መጡ። ከዚያ በዳባት በኩል ደመናው ተነሣ፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ እንደ መጋረጃ ነጭ። አባቴ ነጩን ሲያይ "በረዶ ነው" አለ። ወዲያው ቀዝቃዛ ነፋስ መታን። የታጨደውን ባቄላ በሸራ ሸፈንን፣ ጥጆቹን አስገባን፣ ቦዩን ከፈትን። ለጤፉ ግን ምን ይደረግለታል? ሁለት ጥማድ ጤፍ በሸራ አይሸፈን!

አባቴ በር ላይ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። አባቴን እንዲህ ፈርቶ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ፤ ኢማኑ የደከመም መሰለኝ። በኋላ እዚህ መጥቼ በደርስ ላይ ነው የእናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ የሰማሁት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደመና ወይም ነፋስ ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር። ሰዎች ደመና ሲያዩ ዝናብ ነው ብለው ሲደሰቱ እርሳቸው ለምን እንደሚጨነቁ ብትጠይቃቸው፣ የዓድ ሕዝቦችም ደመናውን አይተው ዝናብ መጣልን ብለው እንደነበር አስታወሷት። አባቴን በልቤ ይቅርታ የጠየቅሁት ያን ቀን ነው።

በረዶው ዐሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን መነጋገር ማሰብም አይቻልም ነበር። ሲያባራ እየሮጥኩ ወደ ማሳው ወረድኩ። ጤፋችን ቆሟል! ዳር ዳሩ ብቻ ተኝቷል። "አልሐምዱ ሊላህ!" ብዬ ጮኽሁ፤ ደግሜም ጮኽሁ። ዘወር ስል አያና ልጃቸው ድንበሩ ላይ ቆመዋል። ከእነርሱ በኩል የቆመ ነገር የለም። ጤፉ ከጭቃው ጋር ተለውሷል፤ በላዩ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ ተከምሯል። ጓደኛዬ አየኝ፤ ምንም አላለኝም። አያ ግን "እንኳን ለእናንተ ተረፈላችሁ" አሉ።

ምስጋናው ስሕተት አልነበረም፤ አላህ ይመሰገናል። ስሕተቱ ዙሪያዬን ሳላይ መጮኼ ነው። አባቴ ማታ "ምስጋና ነው ወይስ ፈንጠዝያ?" ብቻ ብሎኝ ዝም አለ።

በቀጣዩ ሳምንት ጓደኛዬ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። "ለአንድ ወር ነው" ብሎ ነበር፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰም። ጤፋችን ሲደርስ አያ ማጭዳቸውን ይዘው እንደ ወትሮው ለወንፈል መጡ። የራሳቸው የሚታጨድ ሳይኖራቸው የእኛን አጨዱ። አባቴ እህል ሊሰጣቸው ቢል እምቢ አሉ። ክረምት ሲገባ ግን ጆንያ ተሸክሞ ሄዶ "ዘር ነው፤ ከማሳህ ትመልስልኛለህ" አላቸው። ያን ጊዜ ተቀበሉት።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ያደርገው የነበረውን ዱዓ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደሚነግሩን፣ አንድ ሰው በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ገብቶ ድርቅ ጎዳን ቢል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን አነሡ፤ ዝናቡም ሳምንት ሙሉ ወረደ። በቀጣዩ ጁሙዓ ደግሞ ዝናቡ ቤት አፈረሰ፣ ንብረት አጠፋ ተባለ። ያኔ ዝናቡ በዙሪያቸው እንጂ በላያቸው እንዳይሆን ለመኑ። እኔ ለብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነበር የማቆመው፤ "ዙሪያ" ሲባል የሚታየኝም የአያ ማሳ ነበር። ዱዓው ግን ይቀጥላል። ወደ ኮረብታው፣ ወደ ተራራው፣ ወደ ሸለቆው፣ ዛፍ ወደሚበቅልበት ስፍራ ይላል። ለነዋሪው ሁሉ ነው የተለመነው። ከእኔ ላይ አንሥተህ በጎረቤቴ ላይ ጣለው የሚል ዱዓ አልተማርንም። አሁን ዱዓውን ሳደርግ እስከ መጨረሻው ነው የምለው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በረዶውን ቅረጸው፣ ቅመሰውም፤ አልከፋብህም። ግን አጠገብህ የቆመው የገበሬ ልጅ ዝም ካለ "የእናንተስ አገር እንዴት ሆኖ ይሆን?" በለው።

በዚያ ቀን ኔትወርኩ የተመለሰው ከዒሻ በኋላ ነው። አባቴ "በእኛ በኩል ዝናብ ብቻ ነው፣ አታስብ" አለኝ። አልሐምዱ ሊላህ ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ቆም አልኩና "የአያስ?" አልኩት።

"የእሱም ደህና ነው።"

ያን ጊዜ አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

አላህ ዝናባችንን የራሕመት ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።