ገጣባውን የሚያክመው ሰው

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። ስንት ሲሲ ነው? ነዳጅ ይበላል? መለዋወጫው ይገኛል? ወንበሩን ግን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርግና «ለስላሳ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በሥራው ሞተር የሚሰጠው ደግሞ እሱንም አይጠየቅም።

እንዲህ ሞተር ከደረሳቸው አንዱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከሐዋሳ ይነሳል፤ በቱላና በአፖስቶ አድርጎ ወደ አለታ ወንዶ፣ አንዳንዴም እስከ በንሳ ይዘልቃል። የሞተሩ ወንበር ረጅም ነው፣ ሁለት ሰው እንዲይዝ የተሠራ። እሱ ግን ከኋላው የሚያስረው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሰፊውን ክፍል ይይዝና ባለሙያው ወደፊት ተገፍቶ ሰልባትዮው ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ተለጥፎ ይውላል።

ዓመት ሳይሞላ ወገቡ አስቸገረው። ሌላም ነበር፣ ወንዶች ለሐኪም እንኳ ደፍረው የማይናገሩት፦ አንድ ሰዓት ከነዳ በኋላ የሚመጣ መደንዘዝ። ኪንታሮት መስሎት ቅባት ገዛ። ሥራውን ስለመልቀቅ ለባለቤቱ የተናገረው በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ያደረገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። የወንበር ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ የፍራሽ ስፖንጅ አስጨመረ። ለሳምንት ተመቸው፤ ከዚያ ባሰበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ አጥንቶቹ ሥር ይሟሽሽና ከታች ያለው ደረቅ ነገር ይገኛል፣ ጎን ጎኑ ያልተሟሸሸው ደግሞ መሀል ያለውን ነርቭና የደም ሥር ይጫናል። ሱቅ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ የሚለሰልስ ወንበር መንገድ ላይ የሚደነድነው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ስፖንጁ ወንበሩን ከፍ ስላደረገው እግሩ መሬት በደንብ አይደርስም፤ ባጃጅ መሀል በቆመ ቁጥር ሊወድቅ ይደርስ ነበር።

ሁለተኛው ሰፊ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ከአሮጌ መኪና ወንበር የወጣ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ከሥር አደረገ፣ ከላይ ስስ ለስላሳ ደረበበት። ወደ ሰልባትዮው የሚያንሸራትተውን ቁልቁለት ቆርጦ አስተካከለ፣ ምክንያቱም ወደፊት የሚንሸራተት ሰው ክብደቱን በእጁ አንጓ ይሸከማል። ሳጥኑ ከወንበሩ እንዲወርድ በያጅ ከኋላ መጫኛ ብረት ሠራለት። ከሁሉም በላይ የረዳው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የወንበሩ ሰፊ ቦታ ለካ ድሮም ነበረ። ላስቲኩ እንዳያልበው አጎዛ ጣለበት። ጓደኞቹ «አባ» እያሉ ሳቁበት እንጂ በሌላም አገር ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች የበግ ቆዳ ያነጥፋሉ፤ ጠጉሩ አየር ያስገባል።

የሚገርመው ይህ ሰው በየገበያው ገጣባ አህያ ያክማል። ቁስሉን ካጠበ በኋላ ለባለቤቱ ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ብቻ አያድነውም፣ መደላድሉን ካላስተካከልክ ተመልሶ ይገጠባል።

ይህን የሰውየው የግል ጣጣ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመቀመጫ ወደ ሠራተኛው ሰውነት የሚተላለፍ ንዝረት በስምንት ሰዓት ሥራ ተሰልቶ ከ1.15 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እንዳያልፍ ከልክሏል፤ ከ0.5 ሲያልፍ ደግሞ አሠሪው የመቀነሻ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። መመሪያው ተስማሚ መቀመጫን ከመፍትሔዎቹ መሀል ጠቅሶታል። እኛም ጋ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ የሥራ ቦታው ወንበሩ ነው።

የስፖንጁን፣ የብየዳውንና የአጎዛውን ወጪ የቻለው ባለሙያው ከኪሱ ነው። ደረሰኝ ይዞ ቢሮ ሄዶ ነበር፤ «ሞተሩ ያለ ፈቃድ ለምን ተነካ?» ተብሎ ተመለሰ። የጠየቁት ኃላፊ የተቀመጡት በዚያው ዓመት የተገዛ፣ ወገብ የሚደግፍ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። የግዥ ኮሚቴው ያንን ወንበር የመረጠው ተራ በተራ ተቀምጦ ሞክሮ ነው።